ራሳቸውን የሚተውኑ ሰዎች፦ እውነትና ልብ ወለድ በነጻ ፊልም ሠሪዎች እጅ

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ “ድፍረት” የተሰኘው ፊልም ሊመረቅ ተጋባዦች ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር። ፊልሙ ሊጀምር ሲል ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ መድረክ ላይ ወጥቶ ፍርድ ቤት እንዳይታይ ማገዱን ለታዳሚው ተናገረ። በዚያው ዓመት በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ሥራ፣ ታሪኩ በተፈጸመበት አገር በምርቃቱ ምሽት ሳይታይ ቀረ። እገዳውን ያስወጣችው ፊልሙ የተመሠረተበትን ሕይወት የኖረችው ሴት ናት፤ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ የሚል ነበር አቤቱታዋ። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለአገሬው ተመልካች ቀርቧል። የተነሣው ጥያቄ ግን በዚያ እልባት አላገኘም።

ልጅቷ የተጠለፈችው በ14 ዓመቷ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። ልታመልጥ ስትል በጠላፊዋ ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆሞላት፣ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ቢቢሲ ጉዳዩን በአውሮፓውያን 1999 በዘጋቢ ፊልም አሳይቶት ነበር። (ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ያላልኩበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አንድ ሕይወት እንግዲህ ሁለት ጊዜ ፊልም ሆነ፤ መጀመሪያ በዘጋቢ፣ ከ15 ዓመት በኋላ በልብ ወለድ። በልብ ወለዱ ውስጥ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በእውነተኛ ስማቸው ይጠራሉ፤ ሜሮን ጌትነት ናት የምትተውናቸው። የልጅቷ ስም ግን ተቀይሮ ሂሩት ሆኗል። ስም መቀየር ባለታሪኩን ለመከለል የሚደረግ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ጉዳዩን የሰማ ሁሉ ግን ሂሩት ማን እንደሆነች ያውቃል። ጠለፋው የእሷ ነው፣ ጥይቱ የእሷ ነው፣ ችሎቱም የእሷ ነው።

ይህን የማነሣው ፊልሙን ለማጣጣል አይደለም። “ድፍረት” በጥንቃቄ የተሠራ፣ የጠለፋን ነገር ለዓለም በአማርኛ የነገረ ሥራ ነው። የማነሣው ስለ እውነትና ልብ ወለድ መቀላቀል ስንከራከር ሁልጊዜ የምንዘነጋውን ሰው ስለሚያሳይ ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ተመልካቹን ይከተላል፤ ተታለለ ወይስ አልተታለለም እያለ። እኔ ግን የመቶ ዓመቱን የፊልም ታሪክ መለስ ብዬ ባየሁት ቁጥር ከባዱ ዕዳ ያለው ሌላ ዘንድ መሆኑን አምናለሁ። ተመልካች ቢታለል ነገ ጋዜጣ አንብቦ ይታረማል። ሕይወቱን ያዋሰው ሰው ግን ፊልሙ ካለቀም በኋላ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ስም መኖሩን ይቀጥላል።

ቅልቅሉ በነጻ ፊልም ሠሪዎች፣ ማለትም ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ውጭ በራሳቸው አቅም በሚሠሩት ዘንድ የበዛው በምክንያት ነው። ስቱዲዮ ያለው መንደር ያሠራል፤ የሌለው መንደሩ ድረስ ይሄዳል። ለተዋናይ የሚከፍለው ያጣ ሰው ገበሬውን፣ እስረኛውን፣ ጎረቤቱን ራሳቸውን ሆነው እንዲተውኑለት ይለምናል። በዚህ ዓይን ካየነው በእኛ አገር ከዲጂታል ካሜራ መምጣት ወዲህ የተሠሩት የአማርኛ ፊልሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም የነጻ ፊልም ናቸው፤ የሚቀረጹት በሰው ሳሎን፣ በእውነተኛ ታክሲ፣ በእውነተኛ ካፌ ውስጥ ነው። ፖስተራቸው ላይ “በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ” የሚለውን የማያውቅ የለም። ማን እንደሆነ ያልተነገረን የዚያ ታሪክ ባለቤት ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ነገሩ ከጥንስሱ እንዲህ ነበር። ሮበርት ፍላሃርቲ በ1922 ያወጣው “የሰሜኑ ናኑክ” የዘጋቢ ፊልም አባት ተደርጎ ይቆጠራል። በሰሜናዊ ካናዳ በረዶ ውስጥ የሚኖር የኢኑዊት አዳኝ ከነቤተሰቡ እናይበታለን። የሰውየው ስም ግን ናኑክ ሳይሆን አላካሪያላክ ነው። ሚስቶቹ ተብለው የሚታዩት ሴቶች ሚስቶቹ አልነበሩም። የዘመኑ የኢኑዊት አዳኞች ጠመንጃ ይዘው ሳለ ፍላሃርቲ በአያቶቻቸው ጦር እንዲያድኑለት ጠየቃቸው። የበረዶ ጎጆው ለካሜራው ስለጠበበና ስለጨለመ ግማሹ ተቆርጦ ክፍት ሆኖ ተሠራ፤ ቤተሰቡ ሞቆት የተኛ መስሎ የሚታየው ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። ገንዘቡን ያወጣው የጸጉር ቆዳ ነጋዴ ኩባንያ መሆኑም ሊረሳ አይገባም።

ፍላሃርቲን ዋሾ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን አላካሪያላክና ጓደኞቹ ምን እየተሠራ እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ በአደኑ ዕቅድ ውስጥ ነበሩበት፣ የተቀረጸውን አብረው አይተዋል፣ ካሜራውንም ጠግነዋል። ስለዚህ በቀረጻው ቦታ የነበረው ሽርክና በኋላ ከታየው ፊልም ይልቅ ሐቀኛ ነበር ማለት ይቻላል። ሽርክናው የፈረሰው ፊልሙ ከተሸጠ በኋላ ነው። ስማቸው ጠፋ፣ ገቢውም ወደ እነሱ አልዞረም። ፍላሃርቲ ናኑክ በረሃብ ሞተ ብሎ ለዓለም ተናገረ፤ ዛሬ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች የሚሉት ቤቱ በሕመም ሳይሞት እንዳልቀረ ነው። ሞቱም እንኳ ለፊልሙ በሚስማማ መልክ ተነገረለት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ተሄደበት። ፒተር ዋትኪንስ በእንግሊዝ ላይ የኑክሌር ቦምብ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን በዜና ዘገባ ስልት፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች አስተውኖ “የጦርነት ጨዋታ”ን ሠራ። ከዳር እስከ ዳር የተተወነ ሆኖ ሳለ በ1967 የዘጋቢ ፊልም ኦስካር ተሰጠው። ጂሎ ፖንቴኮርቮ በ1966 “የአልጀርስ ጦርነት”ን ሲሠራ የዜና ፊልም እንዲመስል አድርጎ ስለቀረጸው፣ አሜሪካ ውስጥ ሲታይ አንድ ጫማ ርዝመት እንኳ የዜና ፊልም እንደሌለበት የሚገልጽ ማሳሰቢያ ተጨመረበት። በዚያ ፊልም ውስጥ ሳዲ ያሴፍ አለ። የካስባህ ሰፈር የነጻነት ታጋዮች አዛዥ የነበረ ሰው ነው፤ ፊልሙን ፕሮዲዩስ አድርጎ የራሱን አምሳያ ተወነ። ራሱን የተወነው ከሥልጣን ጋር ነው፤ ገንዘቡም ታሪኩም በእጁ ነበር።

እንዲህ ያለ ሥልጣን ያልነበረው ኡማሩ ጋንዳ ነው። ከኒጀር ሥራ ፍለጋ ወደ አቢጃን የመጣ፣ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ኢንዶቻይና የዘመተ ወጣት ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ሩሽ ትረሽቪል በሚባለው ሰፈር ከጋንዳና ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ “እኔ፣ ጥቁሩ”ን በ1958 ሠራ። ወጣቶቹ የሚወዷቸውን የሆሊዉድ ተዋናዮች ስም ለራሳቸው ሰጡ፤ ጋንዳ ኤድዋርድ ጂ ሮቢንሰን ተባለ። የሩሽ ካሜራ በእጅ እየተጠመዘዘ የሚሠራ፣ ድምፅ የማይቀዳ ስለነበረ ድምፁ በኋላ ነው የተጨመረው። ጋንዳ የራሱን ምስል እያየ ያሰበውን፣ የተመኘውን፣ የቀለደውንም ከአፉ እንደመጣ ተናገረበት። የመሣሪያው ድህነት ያመጣው መላ በፊልም ታሪክ እምብዛም ያልታየ ነገር ፈጠረ፤ ባለታሪኩ በምስሉ ላይ የመጨረሻውን ቃል አገኘ።

ጋንዳ ግን በዚያ አልረካም። ሩሽ ያሳየው የእሱን ሙሉ ሕይወት አይደለም፣ ከኢንዶቻይና የተመለሰ ወታደር ምን እንደሚሰማው አልገባውም ብሎ አመነ። ስለዚህ ካሜራውን ራሱ ያዘ። በ1969 “ካባስካቦ”ን ሠራ፤ ከኢንዶቻይና ወደ አገሩ የተመለሰ ወታደር ታሪክ ነው፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይም ራሱ ነው የተወነው። በ1972 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት በመጀመሪያ የወሰደው የእሱ ፊልም ሆነ። ሴኔጋላዊው ፊልም ሠሪ ኡስማን ሴምቤን ሩሽን ፊት ለፊት አግኝቶ፣ አፍሪካውያንን እንደ ነፍሳት ታዩናላችሁ ብሎ የወቀሰው በ1965 ነበር። የጋንዳ ፊልም ለእኔ ከዚያ ወቀሳ የበለጠ ምላሽ ነው። አንድ ሰው በሌላ ሰው ፊልም ውስጥ የተነገረለትን ሕይወት በራሱ ፊልም መልሶ ነገረው።

ስለ ቅልቅሉ ሲወራ ሳይጠቀስ የማይታለፈው ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ ነው። በ1990 የወጣው “ክሎዝ አፕ” ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሁሴን ሳብዚያን የሚባል ድሃ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ቴህራን ውስጥ አውቶቡስ ላይ አጠገቡ ለተቀመጡ ወይዘሮ ታዋቂው ዳይሬክተር ሞህሰን ማክማልባፍ ነኝ ይላቸዋል። ቤታቸው ይጋብዙታል። እዚህ ቤት ፊልም እሠራለሁ፣ ልጆቻችሁንም አስተውናለሁ እያለ ይመላለሳል። በኋላ ይነቃበትና ይታሰራል። ኪያሮስታሚ ዜናውን መጽሔት ላይ አንብቦ ሌላ ሊጀምር የነበረውን ፊልም ተወና ካሜራውን ይዞ እስር ቤት ሄደ። ችሎቱን ለመቅረጽም ተፈቀደለት።

ችሎቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ኪያሮስታሚ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ተከሳሹን ራሱ ይጠይቃል። ዳኛው ከሄዱ በኋላም ቀረጻው መቀጠሉን ቆይቶ ተናግሯል። መያዙን፣ የአውቶቡሱን ትውውቅ፣ የቤቱን ጉብኝት ደግሞ አታላዩም ተታላዮቹም ተመልሰው ራሳቸውን ሆነው ተወኑት። መጨረሻ ላይ እውነተኛው ማክማልባፍ ሳብዚያን ከእስር ሲወጣ ይቀበለዋል፤ በሞተር ሳይክል ተፈናጠው አበባ ገዝተው ወደ ቤተሰቡ ይሄዳሉ። የሚነጋገሩት ግን ማይክሮፎኑ ተበላሸ ተብሎ እየተቆራረጠ ነው የምንሰማው። ብልሽቱ በኪያሮስታሚ ሆነ ተብሎ የተፈጠረ ነው።

ይህን የድምፅ ብልሽት ብዙ ሐያሲ እንደ ብልኃት አድንቆታል። እኔ የማደንቅበት ምክንያት ሌላ ነው። ሳብዚያን ሲያመልከው ከኖረው ሰው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ እየተነጋገረ ነው፣ እያለቀሰ ነው። ኪያሮስታሚ ያንን ንግግር ሙሉ በሙሉ ሊያሰማን ይችል ነበር። ውሸት ጨምሮ ከለከለን። እዚህ ላይ ልብ ወለዱ የገባው የአንድን ሰው ገመና ለመሸፈን ነው። ፊልም ሠሪ ካሜራው የሚያገኘውን ሁሉ ከማሳየት ራሱን የገታበት እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አላውቅም።

ሆኖም የሳብዚያን ኑሮ በዚያ ፊልም አልተለወጠም። በ1996 ስለ እሱ በተሠራ ሌላ ዘጋቢ ፊልም ላይ ከዝናው በኋላም ያው ችግረኛ፣ ያው የፊልም ፍቅር ያቃጠለው ሰው ሆኖ ይታያል። በ2006 ሞተ። “ክሎዝ አፕ” በዓለም ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ዛሬም አይጠፋም። ኪያሮስታሚ በደለው ልል አልችልም፤ የሰጠው ክብር በፊልሙ ውስጥ አለ። ግን ፊልም ክብር ሲሰጥ እንጀራ አይሰጥም፤ ይህንን ከመጀመሪያው ለባለታሪኩ መንገር የፊልም ሠሪው ግዴታ ነው።

ወደ አገራችን ሰው ወደ ኃይሌ ገሪማ ልምጣ። ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ የሄደ፣ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ የተማረ፣ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ነው። “ቡሽ ማማ” የተባለው የተማሪነት ፊልሙ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በመንግሥት ድጎማ የምትኖር ጥቁር እናት ልብ ወለድ ታሪክ ነው። የሚከፈተው ግን በልብ ወለድ አይደለም። የከተማው ፖሊሶች የፊልሙን ቡድን አባላት መንገድ ላይ አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል፤ ፖሊሶቹ ተዋናይ አይደሉም፣ ፍተሻውም አልተተወነም። ጥቁሮች ካሜራ ይዘው መገኘታቸው ብቻ አስጠርጥሯቸዋል። ኃይሌ ይህን ቆርጦ መጣል ሲችል መግቢያ አደረገው። ቀጥሎ የሚመጣውን ልብ ወለድ የፈጠራ ነው ብሎ ለማለፍ ተመልካቹን መንገድ አሳጣው።

“ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት” በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሰሞን ኢትዮጵያ ውስጥ በሁለት ሳምንት የተቀረጸ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አብዛኞቹ ተዋናዮች ፊልም ተውነው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የገበሬው ቤተሰብ ጎህ ሲቀድ ይነሣል፣ ያርሳል፣ ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮህበታል። ከበበ የሚባለው፣ ለአገሩ ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀ፣ እብድ የሚሉት ሰው እውነቱን ይናገራል። ታሪኩ የተጻፈ ነው። በሬው ግን አይተውንም፤ ሞፈርና ቀንበሩን የሚይዘው እጅ፣ ጀርባ ላይ እንጨት ሲሸከሙ የሚጎብጠው ወገብ በልምምድ የመጣ አይደለም። ካሜራው በዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ከተማ ያደገ ተመልካች ትዕግሥቱ እስኪያልቅ ድረስ። ከዓመታት በኋላ ያ ሥርዓት ሲጠፋ የኃይሌ ልብ ወለድ የዚያ ኑሮ ከቀሩን ጥቂት የምስል መዛግብት አንዱ ሆኗል። በ1976 በሎካርኖ ፌስቲቫል ከተሸለመ ከብዙ ዓመታት በኋላም ታድሶ እንዲጠበቅ የተመረጠ ፊልም ነው።

ከዚያው ሰሞን የተቃራኒውን ምሳሌ ማንሣት ግድ ይላል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ዘጋቢ ፊልም አሳየ። ደርግ ግን እንዳለ አላቀረበውም፤ የረሃብተኛውን ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እያፈራረቀ አስቀናብሮ ነው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ለየብቻቸው ሲታዩ ረሃቡ እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። የተሰፋበት ክር ግን የፖለቲካ ውሳኔ ነው። ከኃይሌ ፊልም ጎን ሳስቀምጠው፣ ተዋናይና ስክሪፕት ያለው ሥራ ሐቀኛ ሆኖ፣ አንዲት የተፈጠረች ምስል የሌለበት ቅንብር ደግሞ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ይታየኛል። በወሎ የመጠለያ ሰፈር ካሜራ ፊት የወደቁት ሰዎች መጀመሪያ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ፣ ቀጥሎ ለመንግሥት ግልበጣ ዋሉ። ከሁለቱ ለአንዱም አልተጠየቁም።

የመጽሐፉን ዓለም ለአፍታ ካነሣን፣ አማርኛ አንባቢ የዚህን ቅልቅል ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው “ኦሮማይ” የደርግን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰዎች በስስ የልብ ወለድ መጋረጃ አሳየ፤ አንባቢ እገሌ እኮ ነው እያለ ለየ። መጽሐፉ ተሰብስቦ፣ ደራሲው ከሥራው ተባርሮ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። መጋረጃው ባለሥልጣናቱን አልከለላቸውም፣ እሱንም አላዳነውም። እዚህ ልዩነት መደረግ አለበት። “ኦሮማይ” የተጋፈጠው መከላከያ ያላቸውን ነው፤ ሥልጣን ያለውን ሰው ያለ ፈቃዱ በልብ ወለድ ማሳየት የደራሲ መብት ነው እላለሁ። ያንኑ መብት ምንም በሌላት የገጠር ልጅ ላይ መጠቀም ሌላ ነው። የፈቃድ ጥያቄ ክብደቱ የሚለካው በባለታሪኩ አቅም ነው።

ለማነጻጸር ያህል በ1999 ለዕይታ የበቃውን “ኢንዱራንስ” ማየት ይቻላል። ዲዝኒ ያከፋፈለው በመሆኑ የነጻ ፊልም ሊባል አይችልም፤ ግን ቅልቅሉ እንደ ነጻ ፊልም ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱን ይተውናል፣ ዘመዶቹ የልጅነት ቤቱን ሰዎች ይተውናሉ፣ የአትላንታው የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ደግሞ እውነተኛው ሩጫ ነው። ማንም የተበደለ አይመስልም። የኦሊምፒክ ሻምፒዮን አልፈልግም ማለት ይችላል።

አልፈልግም ማለት የማይችሉት የሞቱት ናቸው። ጆሹዋ ኦፐንሃይመር በ2012 ባወጣው “የግድያ ትወና” በ1965 እና 66 ኢንዶኔዥያ ውስጥ በተፈጸመው ጭፍጨፋ የተሳተፉ ሰዎችን፣ ያደረጋችሁትን በምትወዱት የፊልም ዓይነት ሠርታችሁ አሳዩኝ አላቸው። አንዋር ኮንጎና ጓደኞቹ እንደ ካውቦይ ፊልም፣ እንደ ወንበዴ ፊልም፣ እንደ ሙዚቃ ፊልም አድርገው ግድያቸውን ተወኑ። ገዳዩ ተገዳዩን ሆኖ አንገቱ ላይ ሽቦ ሲጠመጠምለት ፊቱ ይለወጣል። ፊልሙ ሲያልቅ በርካታ ኢንዶኔዥያውያን ባለሙያዎች፣ አንዱ ተባባሪ ዳይሬክተር ጭምር፣ ስማቸው “ስም አልባ” ተብሎ ነው የተዘረዘረው፤ ገዳዮቹ ያኔም ያልተነኩ ስለነበሩ። ይህ ፊልም ለእኔ ከባድ ነው። የተጎጂ ልጆች በገዛ አገራቸው ዝም ብለው ሳለ ለገዳይ መድረክና አልባሳት መስጠት ያማል። ኦፐንሃይመርም ይህን ሳያውቀው አልቀረም፤ በ2014 “የዝምታ ገጽታ” በተባለው ሁለተኛ ፊልሙ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ገዳዮቹን ፊት ለፊት ይጠይቃቸዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የማያይ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

እንዲያው ለጨዋታ የተደረገ የሚመስለው ቅልቅልም ባለዕዳ አለው። በ1999 የወጣው “ብሌር ዊች ፕሮጀክት” ጫካ ውስጥ ጠፍተው የቀሩ ሦስት ተማሪዎች የቀረጹት ነው ተብሎ የተለቀቀ የአስፈሪ ፊልም ነው። ጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር ፈጅቶ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ሦስቱ ተዋናዮች የተጠሩት በእውነተኛ ስማቸው ነበር፤ በማስታወቂያው ጠፍተዋል፣ ሳይሞቱ አልቀሩም ስለተባለ የአንዷ እናት የሐዘን ካርድ ደረሳቸው። ስማቸው የፊልሙ ሀብት ሆነ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ሦስቱ ተገቢው ክፍያ እንዲሰጣቸው በግልጽ ደብዳቤ ጠየቁ።

ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር ፊትና ድምፅ ይሠራል። በ2021 ስለ ሟቹ የምግብ ባለሙያና ጸሐፊ አንቶኒ ቦርዴይን በተሠራው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ የተወሰኑ ዓረፍተ ነገሮች በሰው ሠራሽ አስተውሎት በተፈጠረ ድምፁ ሲነበቡ ተመልካቹ አልተነገረውም ነበር፤ ሲታወቅ ቁጣ አስነሣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ “ወደ ቼችኒያ እንኳን ደህና መጡ” የተባለው ፊልም ከአሳዳጆቻቸው የሚያመልጡ ሰዎችን ፊት በፈቃደኞች ፊት በዲጂታል ቀይሮ አሳይቷል። መቀየሩንም ፊልሙ በግልጽ ይናገራል። መሣሪያቸው የሚቀራረብ ነው። የመጀመሪያው የሞተን ሰው ሳይጠይቅ አናገረ፤ ሁለተኛው በሕይወት ያለውን ሰው ከሞት ሸሸገ።

ከቅርብ ዓመታት የእኛ ሥራዎች እዚህ መግባት ያለበት የጄሲካ በሽር “ፋያ ዳዪ” ነው። ጄሲካ ሐረር አድጋ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ከአገር የወጣች ናት። ለ10 ዓመት ገደማ እየተመላለሰች፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ፣ ጫት የሚለቅሙትን፣ የሚያስሩትን፣ የሚቅሙትን፣ በባሕር ለመሰደድ የሚያልሙትን ወጣቶች ቀረጸች። በ2021 ሲወጣ ዘጋቢ ፊልም ተባለ። ውስጡ ግን የሱፊዎች አፈ ታሪክ አለ፣ ከማን አፍ እንደወጣ የማይለይ ድምፅ አለ፣ ሕልም የሚመስል ጭስ አለ። የጫት ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ የስደተኛው ቁጥር ስንት እንደደረሰ የሚነግረን የለም። አንዳንድ ተመልካች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮታል። እኔ አልስማማም። እዚያ ያሉ ልጆች መረጃ ሰጪ ሆነው አልቀረቡም፤ የሚያልሙ ሰዎች ሆነው ነው የቀረቡት። 10 ዓመት የተመላለሰ ሰው ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቀው አንዴ በወረቀት አይደለም፤ በመጣ ቁጥር ነው።

ከሁሉም በላይ ወደ ልቤ የሚቀርበው የቱኒዚያዊቷ ካውተር ቤን ሃኒያ “አራት ሴት ልጆች” ነው፤ 2023። ኦልፋ የምትባል እናት ከአራት ልጆቿ ሁለቱ ሊቢያ ሄደው አክራሪዎችን ተቀላቀሉባት። ቤን ሃኒያ የሄዱትን ሁለቱን በተዋናዮች ተካች። ቤት የቀሩት ሁለቱ ራሳቸውን ይተውናሉ፤ እናቲቱም ራሷን ትተውናለች፣ በሚከብደው ትዕይንት ግን ታዋቂዋ ሂንድ ሳብሪ ትተካታለች። እናት ከተዋናይቷ ጋር ትከራከራለች፣ እኔ እንዲህ አላልኩም ትላለች፣ ልጆቹም እናታቸውን ያርሟታል። አንድ ቦታ ላይ ከልጆቹ አንዷ የደረሰባትን በደል ስትተውን የወንዶቹን ሚና የያዘው ተዋናይ መቀጠል አቃተውና ቀረጻው እንዲቆም ጠየቀ። ልጅቷ ግን መቀጠል እንደምትችል ተናገረች። ለእሷ ሲል የተጨነቀው እሱ ነው፤ ስለ ታሪኩ የወሰነችው እሷ ናት። ቤን ሃኒያም ይህን ክርክር ከፊልሙ አላወጣችውም፤ ፈቃድ ሲጠየቅና ሲሰጥ እንድናይ አድርጋዋለች።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ከፊታችን ያለው ሥራ ስለሚያሳስበኝ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በትግራይ፣ በአማራ፣ በአፋር፣ በኦሮሚያ ሰው ያየው ግፍ ፊልም መሆኑ አይቀርም፤ መሆንም አለበት። የሚሠሩት ደግሞ ትልልቅ ስቱዲዮዎች አይደሉም፤ ካሜራ ተውሰው፣ ወዳጅ አስተባብረው የሚነሡ ወጣቶች ናቸው። የተደፈረችው፣ ልጇ የተገደለባት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ራሳቸውን እንዲተውኑ ይጠየቃሉ፤ ወይም ሳይጠየቁ ስማቸው ተቀይሮ ይጻፋሉ። ከእነዚህ ወጣቶች የምለምነው የቀረጻ ቀን ከመቆረጡ በፊት ስክሪፕቱን ለባለታሪኩ በቋንቋው እንዲያነቡለት፣ የማይፈልገውን ትዕይንት እንዲያወጣ መብት እንዲሰጡት፣ ከገቢው የሚደርሰውን በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ፣ ሐሳቡን ቢቀይርም ፊልሙ እስካልወጣ ድረስ እንዲሰሙት ነው። ይህ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል፤ አንዳንዱን ጥሩ ትዕይንትም ያስቀራል። ይቅር።